ሊንኩን ባለመንካቷ ከደኅንነት ትምህርት ስለቀረችው ልጄ

ይድረስ ለክቡር የኮምፒውተር ደኅንነት ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔም ሆንኩ ልጄ ደህና ነን። የእኔ የደም ግፊት ብቻ ከተቋምዎ ጋር ከተዋወቅሁ ወዲህ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ በሙያዬ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ግን መድኃኒቱ ከመደርደሪያዬ አይጠፋምና አይሳቀቁ። በአደባባይ መጻፌንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በግል በኢሜይል የላክሁልዎ ሁሉ መልስ አጥቶ ቀርቷል፤ እርስዎ ከማያውቁት ሰው የመጣ ነገር እንደማይከፍቱ ስለገባኝ ጥንቃቄዎን አደነቅሁ እንጂ አልተቀየምኩም።

ልጄን ያስታውሷት እንደሆነ አላውቅም። እኛ ቤት «ጠርጣሪት» እንላታለን። ገና በሕፃንነቷ አጎቷ በር ሲያንኳኳ፣ ድምፁን አሳምራ እያወቀች፣ ባለፈው ሲመጣ የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሳትጠይቀው አትከፍትለትም ነበር፤ ሰውየው ዝናብ እየደበደበው መልሱን ሲያስብ ይቆማል። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ኮምፒውተርን ከሌባ መጠበቅ እፈልጋለሁ ስትል ማናችንንም አልደነቀንም። ያከራከረን መንገዱ ነው። አጎቷ የጭነት መኪና ድርጅት ውስጥ ሹፌር ነው፤ እዚያው ድርጅት ኮምፒውተር አልታዘዝ ያለውን ሠራተኛ ከመርዳት ትጀምርና ቅዳሜና እሑድ አጭር ስልጠና እየወሰደች ሰርተፍኬቷን ታውጣ አለ። እኔ ደግሞ ዲግሪ የሌላትን ልጅ ማን ያምናታል፣ መጀመሪያ መሠረቱን በወጉ ትማር ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። እሷ ሁለታችንንም ሰምታ ስታበቃ፣ የወጣትነት ዓመታቷን የት እንደምታሳልፍ ከመወሰኗ በፊት ተቋምዎን በዐይኗ ማየት ፈለገች።

አመልካቾችን በተቀበሉበት ቀን እኔም አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ንግግርዎ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። የሚያጣድፋችሁን ተጠራጠሩ አሉ፤ ስማችሁን ሳይጠራ የሚጽፍላችሁን ተጠራጠሩ አሉ፤ የይለፍ ቃላችሁን የሚጠይቅ ማንም ይሁን ማን ሌባ ነው አሉ። ከዚያ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው «መጀመሪያ መጠርጠር ያለባችሁ እኔን ነው» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጄ አላጨበጨበችም፤ እያንዳንዷን ቃል እየያዘች ነበር። ስንወጣ ሌላ ቦታ ማየት እንደማያስፈልጋት፣ የምትማረው እዚህ እንደሆነ ነገረችኝ። የመግቢያ ፈተናውንም ከፊተኞቹ ተርታ ሆና አለፈች። እኔም ለአጎቷ ስልክ ደውዬ አፌን ሞልቼ አበሰርኩት።

እንግዲህ ጊዜዎን ሳላባክን አቤቱታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ ከፈተናው በኋላ ለልጄ አንድ ኢሜይል ደረሳት። ሰላምታ የለውም፤ «አመልካች» ብሎ ይጀምራል። የተላከው ማንም መንገደኛ በነጻ ከሚከፍተው አድራሻ ነው። ከታች የተቋሙ ማኅተም ተጋድሞ ተለጥፎበታል፤ በቀይ ቀለምም እስከ ዛሬ ማታ ካላረጋገጡ ቦታዎ ይሰረዛል፣ ለማረጋገጥ ይህንን ሊንክ ነክተው የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ያስገቡ ይላል። ልጄ እርስዎ ከነገሯት ጋር አንድ በአንድ አመሳከረችው፤ አንድም የጎደለ የሌብነት ምልክት አላገኘችም። እኔም አየሁት። እንዲህ ያለ የሐኪም ማዘዣ ፋርማሲዬ ቢመጣ፣ እንኳን መድኃኒት ልሰጥበት ያመጣውን ሰው ወንበር ስቤ አስቀምጬ ፖሊስ እጠራ ነበር። ስለዚህ ሊንኩን አልነካችም። እንዲያውም ሌሎች አመልካቾች እንዳይታለሉ አስባ፣ በስማችሁ የሚያጭበረብር ሰው ተነሥቷል ብላ ለእናንተው አመለከተች። ስለ መልእክትዎ እናመሰግናለን የሚል መልስ ወዲያው መጣላት፤ ስላመሰገናችኋት እኔም አመሰግናለሁ። ኢሜይሉ ግን የእናንተው ነበር።

ሁለተኛ፤ ስሟ ተቀባይነት ካገኙት መካከል ሲታጣ ወደ ሬጅስትራር ሄድን። ወረፋ ላይ ሳለን የሠራተኛዋ የይለፍ ቃል በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ኮምፒውተራቸው ላይ ተለጥፎ አየን። ልጄ በጨዋ ደንብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ ነበርና አነበብኩት። አይስጉ፣ ለማንም አልናገርም፤ የተቋሙ ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ ዓመተ ምሕረት እንዳለበት እንኳ ከአፌ አይወጣም። ሠራተኛዋ ጉዳያችንን ሰምተው፣ ልጅቷ ፍላጎት እንደሌላት ተቆጥሮ ቦታዋ ለሌላ መሰጠቱን ነገሩን። ፍላጎቷማ ነው እንዳትነካ ያደረጋት ብዬ ላስረዳ ብሞክር፣ «ሌሎቹ ሁሉ ነክተዋል፤ እሷ ምን ሆና ነው የማትነካው?» አሉኝ። መልስ ፍለጋ እስከ ቤቴ ድረስ ሳስብ ሄድኩ።

ሦስተኛ፤ ለእርስዎ በወረቀት ጽፌ ያስገባሁትን ማመልከቻ «ለሚመለከተው ክፍል» ብለው መርተውልኛል። የሚመለከተው ክፍል ያው ሬጅስትራር ነበር።

አራተኛውን ከአቤቱታ ይልቅ ምስጋና ብዬ ብጠራው ይሻላል። ጠንቃቃውን ከግድየለሹ የሚለይ እንዲህ ያለ ብልህ ፈተና የትም አይገኝም። እናንተ ሳታስቡት አዘጋጃችሁት፤ ከዚያም ያለፉትን መልሳችሁ የወደቁትን በደስታ ተቀበላችሁ።

የልጄን ነገር ግን ሁልጊዜ በቀልድ ላልፈው አልቻልኩም። ብዙ ቀን ክፍሏን ዘግታ ተቀመጠች። ምግብ ሳቀርብላት ዞር ብላ ታየኝና ምናለ ዝም ብዬ ነክቼው ቢሆን ትለኛለች። ልክ የሠራ ሰው ልክ በመሥራቱ ራሱን ሲወቅስ ማየት ያማል፤ እኔን አሞኛል። ለዚህ ሕመም መደርደሪያዬ ላይ ምንም የለም።

ከዚያ አንድ ተማሪ በመልቀቁ ቦታ ተገኝቷል፣ ሰኞ ትምጣ ተብሎ ተደወለላት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እሷ ግን ማንነታችሁን በምን ላውቅ ብላ ስልኩን ዘጋች፤ በራችሁ ላይ በተጻፈው ቁጥር መልሳ ብትደውል አይሠራም፤ ስለዚህ በእግሯ ሄዳ አረጋገጠች። እውነት ነበር። የመማሪያ ክፍሉንም በመስኮት አይታ ተመለሰች። ፋርማሲው መጥታ ከባንኮኒው ኋላ አጠገቤ ቆመች፤ እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«እማ፣ እዚያ የተቀመጡት በሙሉ ሊንኩን የነኩት ናቸው። ከማን ጋር ነው የምማረው?»

ደንበኛ ስለቆመ የሳል ሽሮፕ አውርጄ አስተናገድኩ። ዲግሪውን ፈልጌላት ነበር፤ አሁንም እፈልግላታለሁ። ነገር ግን ያስተማራችኋትን ስለያዘች የቀጣችኋትን ልጅ፣ ሂጂና ያስተማሩሽን ረስተሽ ተማሪ ልላት አንደበቴ አልታዘዘልኝም። ደንበኛው ሲሄድ እንዳሻሽ አልኳት። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የሰጣችሁንን ቦታ ከምስጋና ጋር መመለሳችንን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ።

ልጄ አጎቷ የሚሠራበት ድርጅት ገብታ ሥራ ጀምራለች። የይለፍ ቃሌ ጠፋብኝ ብሎ የሚደውልላትን ሁሉ ማንነቱን ሳታረጋግጥ አትከፍትለትም። ባለፈው ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ደውለው፣ ድምፄን አታውቂም ወይ ብለው ቢቆጧት፣ አውቀዋለሁ ግን በአካል ይምጡ አለቻቸው። ደረጃውን ወርደው መጡ። አጎቷ እንደሚለው ሲመለሱ ቁጣቸው በርዶ ነበር። ቅዳሜና እሑድ አጭሩን ስልጠና ትወስዳለች፤ ዲግሪው ካስፈለጋት ደግሞ ወደፊት፣ እየሠራች፣ ሌላ ተቋም ትይዘዋለች። ማታ ስትገባ ስለ ሥራዋ ታወራኛለች፤ ግማሹ አይገባኝም፣ መስማቱን ግን እወደዋለሁ።

እግዚአብሔር ጤናዎንና ወንበርዎን ሰፊ ትዕግሥት ካለው ሕዝብ ጋር እንዲያኖርልዎ፣ የተቋሙንም በር የሚያንኳኳ ሁሉ እንደ እናንተ ቅን ሰው እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ደግሜ ደጋግሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
የጠርጣሪት እናት፣ ፋርማሲስት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህንን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከተማሪዎችዎ አንዷ የራስ ምታት መድኃኒት ልትገዛ መጥታ አንድ ደስ የሚል ወሬ ነገረችኝ። በዚህ ሳምንት እውነተኛ ሌቦች በተቋሙ ስም ለተማሪው ሁሉ ኢሜይል ልከው ኖሯል፤ እግዚአብሔር ይመስገን አንድም ተማሪ አልተታለለም። እንዴት ለያችሁት ብላት፣ እያንዳንዳችንን በስማችን ጠርቶ እንደምን ሰነበቱ ይላል፣ ለመልስም በቂ ጊዜ ይሰጣል፤ ከትምህርት ክፍላችን እንዳልመጣ ገና ሳንጨርሰው ነው ያወቅነው አለችኝ።