ስለ አንዲት ብሎንና ስለ ስድስት በመቶ ወለድ፦ ለኦርቪን የገበሬዎች ባንክ ፕሬዚዳንት

ለተከበሩ ሚስተር ግራንት ፔልሃም
ኦርቪን፣ አዮዋ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ሰላም፣ በኮረብታው ላይ የሠሩት የአዲሱ ቤትዎ ማሞቂያ ሳይቀር ደኅና መሆኑን ከልብ እመኛለሁ፤ የዘንድሮው በረዶ ከቺካጎ ለመጣ ሰው እንኳ የሚቀለድበት አይደለምና።

እኔ አርዲስ ኖልቴ እባላለሁ። በባንክዎ አነስተኛ የቁጠባ ሒሳብ ያለኝ አሮጊት ነኝ። አያውቁኝም ይሆናል፤ ሆኖም ባለፈው መስከረም በደንበኞች ቀን ያመጣሁትን የፖም ኬክ ደግመው ስለ በሉልኝ፣ ጨርሶ አንተዋወቅም ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ይህንን ደብዳቤ በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ በኩል የምልክልዎ ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ጥሪዎ ለእኛ ዋጋ አለው» የሚል የተቀዳ የሴት ድምፅ እየመለሰልኝ ስለ ተቸገርኩ ነው። ዋጋዬን ስለ ነገረችኝ አመሰግናታለሁ።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባዎ ስለ ባለቤቴ ስለ ቬርሊን ትንሽ ልንገርዎ። ቬርሊን ዕድሜውን በሙሉ የዚህችን ከተማ ፖስታ ያደለ ሰው ነው። ሌላው ወንድ መጠጥ ያሳድዳል፣ ሌላው ሴት ያሳድዳል፤ የእኔው የሚያሳድደው ወለድ ነው። አንዱ ባንክ ከሌላው ሩብ በመቶ ከበለጠ ገንዘባችንን ጠቅልሎ ይሄድ ነበር፤ በዚያን ዘመን ደግሞ ለአዲስ ደንበኛ የዳቦ መጥበሻ ይሸለም ስለነበር ቤታችን በዳቦ መጥበሻ ተሞልቶ ነበር። እኔ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን» ብዬ ስነጫነጭ፣ እሱ «አርዲስዬ፣ ገንዘብ እንደ ላም ነው፤ ሣር ወዳለበት ካልነዳሽው አይታለብም» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

እንዲህ ሲያስስ ኖሮ ነው የእርስዎን ባንክ ያገኘው። «ሽልማት ያለው ተንቀሳቃሽ ሒሳብ፣ ስድስት በመቶ!» የሚል ማስታወቂያ፣ ጥርሳቸው የነጣ ባልና ሚስት ሥዕል ያለበት፣ እስከ ዛሬ በአዳራሻችሁ ተሰቅሎ ይገኛል። ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈውን ቬርሊን መነጽሩን አውልቆ፣ አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ አስደግፎ አነበበው፦ ጡረታው በቀጥታ ወደ ሒሳቡ ይግባ፤ የወሩ መግለጫና ማናቸውም ማስታወቂያ በወረቀት ሳይሆን በኢሜይል ይድረስ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በየወሩ ቢያንስ አሥራ ሁለት ጊዜ በባንኩ ካርድ ዕቃ ይገዛ። አንዷ ከጎደለች የዚያ ወር ወለድ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቬርሊን በዚያ ቀን ወደ ቤት የገባው አዲስ እንደተሾመ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው።

በዚያው መከር ሐኪሙ አንድ ነገር ነገረን። ስሙን አልጽፈውም፤ በኦርቪን እንዲህ ያለው ነገር በስሙ አይጠራም። ሰው ሲሰማ ድንችና ሥጋ በትሪ ጋግሮ ደጃፍዎ ላይ ያስቀምጥና ስለ አየሩ ትንሽ አውርቶ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን ማቀዝቀዣዬ ሞልቶ አልዘጋ ብሎኝ ነበር። ባጭሩ ባሌ ማስታወስ እያቃተው ነው። ሐኪሙም «መድኃኒቱ ብዙ አይደለም፤ በየቀኑ ያንኑ መንገድ ይሂድ፣ እነዚያኑ ሰዎች ይይ፣ የሚሠራው ነገር አይጥፋ» አለን። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ምን ይሠራል ብዬ ስጨነቅ፣ ሥራውን የሰጡት እርስዎ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ አቤቱታዬን በምስጋና መጀመሬን እንደ ሽሙጥ አይቁጠሩብኝ። ይህችኛዋ እንኳ እውነተኛ ናት።

አንደኛ። «በወር አሥራ ሁለት ጊዜ» ስላላችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቬርሊን አሥራ ሁለቷን አንድ ቀን ገዝቶ የሚገላገል ሰው አይደለም። «ማሽኑ አንዷን ቢውጥብኝስ?» አለና ዕለት ዕለት ሊሄድ ወሰነ። ሰማያዊ የፖስታ ካፖርቱን ይለብሳል፣ የጆሮ ቆቡን ይደፋል፣ የድሮ መንገዱን ተከትሎ ይወርዳል። ከሱፐርማርኬቱ አንዲት ሙዝ፣ ከሚሎ ክሬል የብረታ ብረት ሱቅ አንዲት ብሎን፣ ሁለቱንም በካርድ። ካሸሯ ጆሊን ከሙዟ ጋር «ቆቡን ጆሮህ ላይ አውርደው እንጂ» ብላ ትሸኘዋለች፤ ሚሎ ደግሞ ከሱቁ ሲወጣ ይደውልልኝና «አርዲስ፣ አሁን ወጣ፤ ወደ አንቺ እየመጣ ነው» ይለኛል። እሱ ዘመኑን ሁሉ የሰውን ደብዳቤ ሲያደርስ እንደኖረ፣ ከተማው ደግሞ እሱን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ያደርስልኝ ነበር። ማንም ማንንም አልለመነም፣ ማንም ስለ ጉዳዩ አላወራም። የማእድ ቤቴ መስኮት ላይ የብሎን ማሰሮ ሞላ፤ ከሚጠቁረው ሙዝ እኔ ኬክ ጋገርኩ። እሱም ማታ ማታ «ዛሬም ለስድስት በመቶዋ ሠርቼ ገባሁ» እያለ ጫማውን ያወልቅ ነበር። ያ ሰው ደስተኛ ነበር፣ ሚስተር ፔልሃም።

ሁለተኛ። ባለፈው ጥር «የካርድ አጠቃቀምዎ ከተለመደ የዕለት ተዕለት ወጪ ጋር የማይጣጣም ሆኖ ስለ ተገኘና የሽልማቱን ሥርዓት አላግባብ መጠቀም ስለሆነ ሒሳብዎ ተዘግቷል» ብላችሁ በኢሜይል ስላሳወቃችሁን ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ። ወረቀት እንዳትልኩልን በፊርማ ያስማማችሁን እናንተው ስለሆናችሁ፣ ቬርሊን ደግሞ የኢሜይሉን መክፈቻ ቃል ከረሳ ስለ ቆየ፣ ማስታወቂያው ማንም ሳይከፍተው እስካሁን በሰላም ተኝቷል። እኔ ያነበብኩት በኋላ የባንካችሁ ገንዘብ ተቀባይ አትማ በሰጠችኝ ጊዜ ነው። ሌላ ከተማ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለች ኮምፒውተር የኦርቪንን ሰው ልማድ ከልማድ ውጭ ብላ ስትፈርድ አልገረመኝም፤ ኮምፒውተር ናት። እኔን የገረመኝ የሚሎ ሱቅ ከባንክዎ በር ትይዩ መሆኑ ነው። መንገድ ተሻግሮ «ለመሆኑ ይህ ሽማግሌ በየቀኑ አንድ ብሎን ምን ያደርግለታል?» ብሎ ለመጠየቅ ካፖርት እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ሦስተኛ። በዚያው ጥር አንድ ሐሙስ ዕለት ቬርሊን እንደ ልማዱ ብሎኑን መርጦ ካርዱን ሲሰጥ ማሽኑ አልቀበልም አለ። ሚሎ አብሮ አደጉ ነውና «ተወው አንተ ቬርሊን፣ ይሄ ማሽን ዛሬ አብዷል፤ ይዘሃት ሂድ፣ ነገ ትሰጠኛለህ» አለው። ባሌ ግን «በዱቤ ከአባትህም አልወሰድኩም፣ ሚሎ» ብሎ ብሎኗን ወደ ሣጥኗ መለሰና መንገዱን ተሻግሮ ወደ እናንተ ገባ። ሚሎ ደውሎ «አርዲስ፣ ወደ አንቺ አልመጣም፤ ወደ ባንኩ ነው የገባው፣ ቶሎ ድረሺ» ሲለኝ በአንድ እግሬ ቦት ጫማ፣ በሌላው የቤት ነጠላ ጫማ አጥልቄ ወጣሁ።

ግን አልደረስኩም። ከዋናው መሥሪያ ቤት በቅርቡ የመጣችው ገንዘብ ተቀባይ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ ከፊቷ ያለውን አንብባ «ሚስተር ኖልቴ፣ አላግባብ ስለ ተጠቀሙበት ሒሳብዎ ተዘግቷል» ብላዋለች። «ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?» ቢላት «እኔ አላውቅም፣ ሲስተሙ ነው የሚለው» አለችው። በልጅቷ አልፈርድም፤ የተሰጣትን ነው ያነበበችው። እርስዎ ግን በመስታወቱ በር ማዶ ቀና ብለው አይተው መልሰው እንዳቀረቀሩ ሰልፉ ላይ የነበሩት ነግረውኛል፤ ሥራ በዝቶብዎ ይሆናል። እኔ ስደርስ ቬርሊን ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ከዚያ ጥርሳቸው ከነጣው ባልና ሚስት ሥዕል ሥር ቆሟል። የዚህን ሰው ፊት ሃምሳ አንድ ዓመት አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «አርዲስ፣ በሰው ፊት ሌባ ነህ አሉኝ» አለኝ። ዘመኑን ሁሉ የዚህችን ከተማ የጡረታ ቼክ፣ የልደት ገንዘብ፣ የውርስ ወረቀት ተሸክሞ አንድ ቀን አንዲት ሳንቲም ያልጎደለበት ሰው ነው ይህንን ያለኝ።

አራተኛ ብዬ ላስቸግርዎ አልፈለግሁም ነበር፤ ዋናዋ ግን ይህችው ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቬርሊን ከቤት አይወጣም። ጠዋት ካፖርቱን ይለብሳል፣ ቆቡን ይደፋል፣ የበሩን እጀታ ይይዝና «ሰው ያየኛል» ብሎ ይመለሳል። ሚሎ ራሱ አንድ ሣጥን ብሎን ተሸክሞ መጥቶ «ና እንጂ አንተ ሰው፣ ሱቁ ያለ አንተ ቀዘቀዘ» ቢለው መኝታ ቤት ገብቶ ተደበቀ። ጆሊን ሙዝ ይዛ መጣችና ማእድ ቤቴ ውስጥ አልቅሳ ሄደች። ቁርሱን ይረሳል። ወንድሙ መሞቱን ይረሳና እንደ አዲስ ያለቅሳል። ያንን ሐሙስ ግን አይረሳውም። ሐኪሙን ለምን እንዲህ እንደሆነ ብጠይቀው «ልብ ያቆሰለ ነገር ከሁሉ ኋላ ነው የሚጠፋው» አለኝ። እኔ እፈራለሁ፣ ሚስተር ፔልሃም። ያ መንገድ ከጠፋው ሌላው ሁሉ ቶሎ ይከተላል።

በርግጥ ባንክዎ ዝም አላለንም። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አንድ ጨዋ ወጣት ደውሎ «ወለዱ አነስ ይላል እንጂ ምንም ቅድመ ሁኔታ የሌለው ሌላ ሒሳብ እንክፈትልዎት» አለኝ። ደግነቱን አልረሳም። ነገር ግን፣ ክቡርነትዎ፣ ለእኛ የሚያስፈልገን ቅድመ ሁኔታው ነበር።

እንግዲህ ገንዘብ አልጠይቅዎትም፤ ወለዱም ይቅርብን፤ ስድስት በመቶዋን ለአዳራሹ ቀለም ቀቡባት። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ወደ ቤታችን መጥተው «ሚስተር ኖልቴ፣ ስሕተቱ የእኛ ነው፤ እርስዎ ምንም አላጠፉም» ይበሉልኝ። ደግ ነገር ከክፉው ይልቅ ቶሎ ስለሚጠፋበት አንድ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ በራሳችሁ ደንብ እንስማማ፤ ደቃቁን ጽሑፍ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁበታል። ጉብኝቱ በወር ቢያንስ አሥራ ሁለት ጊዜ ይሁን። በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ደጋግሞ መምጣት እንደ አንድ ብቻ ይቆጠራል። በኢሜይል ተቀባይነት የለውም። ደጃፍ ድረስ መጥቶ መመለስም አይመዘገብም፤ የሚመዘገበው ቬርሊን ቀና ብሎ ዓይንዎን ካየ በኋላ ነው። ሁሉን ላሟላ የወሩ ሽልማት ያ የወደዱት የፖም ኬክ ነው፤ አንዷ ከጎደለች ግን ኬኩ የለም። እኛ ደግሞ አላግባብ ተጠቀሙ ብለን በሰው ፊት አናነብብዎትም።

እስከዚያው ድረስ ማሞቂያዎ እንዳይበላሽ፣ መንገድዎ እንዳያንሸራትት፣ እርጅናም ሲመጣብዎ ከቤትዎ ሲወጡ ለሚስትዎ የሚደውል ጎረቤት እንዳያሳጣዎ እየጸለይኩ፣ በአቅሜ የተጠራቀመውን አክብሮቴን አቀርባለሁ።

አርዲስ ኖልቴ
የፖስታው የቬርሊን ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ረቡዕ ጠዋት ቬርሊን ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ሚስቱ እንደሆንኩ ነገርኩት። ትንሽ አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግ ሴት ትመስያለሽ፤ ከእኔ ጋር ባትታዪ ይሻልሻል፣ የአንቺንም ሒሳብ ይዘጉብሻል» አለኝ። እንዳትደክሙበት ብዬ የእኔን ዛሬ ጠዋት ራሴ ዘግቼዋለሁ።