በግራ ጆሮህ የምትሰማው

ከዘርዓብሩክ ለወንድሜ ለዱባለ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሲመላለስብህ የነበረው የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይ? ሉሲስ ደኅና ናት? ልጃችሁ ክርስቲያን ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ጆሃንስበርግ አሁን ብርዱ የሚጸናበት ወር ነውና ሱቁን በጠዋት ስትከፍት ደረትህን ሸፍን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ክረምቱ ገብቷል። ከአየር ጤና ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ እንደ ልማዱ ተቆፍሮ ሳይደፈን ዝናብ ደረሰበት። በዚህ ላይ የምለውን በቃልህ ታውቀዋለህና አልደግመውም።

በስልክ ሊነገር የሚችለውን ለምን እንደጻፍኩት ትጠይቅ ይሆናል። በስልክ ግማሹን ሰምተህ ትመልሳለህ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ይዘጋል፤ ማን እንደዘጋው ሁለታችንም እናውቃለን። ወረቀት ላይ እንደዚያ ማድረግ አትችልም። ደብዳቤውንና አብሮት ያለውን ፍላሽ የሚያመጡልህ ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደዚያ የሚመጡት ጎረቤታችን አቶ ተክለማርያም ናቸው። ፍላሹን ከመክፈትህ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብብ።

ነገሩ የእህታችን የሰብሌ ሠርግ ነው። አባባ ባረፈ ጊዜ ለቀብሩ ለምን እንዳልመጣህ ጠይቄህ የመለስክልኝን አልረሳሁም። «የሠርጉን ሲዲ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ አባባ ረጅም ተናገረ፣ ሰብስቤ የተረጎመው ግን አንድ መስመር ነው፣ በመካከል ፊቱ ሲጠቁር አይቻለሁ፣ ረግሞኛል፣ እናንተም ትደብቁኛላችሁ፣ የተረገመ ልጅ አባቱን አፈር አያለብስም» አልከኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ከድንኳኑ ጀርባ ሊጠፋ ሊጠፋ ከሚለው ጄኔሬተር ጋር ስታገል ነበርና አልሰማሁም። ስላልሰማሁም አልረገመህም ብዬ ልምልልህ አልቻልኩም። የማላውቀውን አልናገርም። አንተ ግን ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጠርከው።

አንተ ስላልነበርክ ሁኔታውን ላስረዳህ። የሙሽራው የየኔሰው ወገኖች ጎጃሞች ናቸው፤ ጉራጊኛ አይሰሙም። አባባ ደግሞ ልጄን የምመርቀው ራሴ በተመረቅኩበት ቋንቋ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ የአጎታችን ልጅ ሰብስቤ በእጁ ማይክ ይዞ ከጎኑ ቆሞ ተረጎመ። በድምፅ ማጉያው የሚወጣው የሰብስቤ ድምፅ ብቻ ነበር። አባባ እንደምታውቀው ቀስ ብሎ ነው የሚናገር፤ ያን ቀን ደግሞ እልልታውና ከበሮው ነበረበት። ሰብሌ እግሩ ሥር ተንበርክካ ነበር፤ ግን እዚሁ ኮልፌ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ከሰላምታ ያለፈ ጉራጊኛ የላትም።

ዘንድሮ ቆርጬ ተነሳሁ። ከሬዲዮ ጣቢያው ተጣልቼ ከወጣሁ ወዲህ የሰው የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ የምውል ሰው የገዛ ቤቴን ካሴት አለመፈለጌ አናደደኝ። የሠርጉን ካሜራማን ኃይለ መስቀልን ጠያይቄ ጦር ኃይሎች አካባቢ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ስቱዲዮውን ከዘጋ ቆይቷል። ካሴቶቹን ግን አልጣላቸውም፤ የሰው ሠርግ እንዴት ይጣላል አለኝ። ለዚህ አከበርኩት። ካሴቱን ሲያቀብለኝ፣ አባታችሁ ኮሌታ ላይ እኮ ትንሽ ማይክ ሰክቼ ነበር አለኝ። ታዲያ ድምፁ የታለ አልኩ በልቤ።

ካሴቱን ጓሮ ባለችው የሥራ ክፍሌ ማጫወቻው ውስጥ አስገብቼ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ልክ እንደ ሲዲው ነው፤ የአባባ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ሰብስቤና ከበሮው ነው። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው። ካሴቱ አርጅቷል፤ በዞረ ቁጥር ይላጣል፤ እንደ ልቤ እየመላለስኩ ላጫውተው አልችልም። ልጄ ውዳሴ፣ አባዬ፣ ለምን የአባባን ከንፈር በኤአይ አናስነብብም አለችኝ። ጉራጊኛ ያውቃል ወይ አልኳት። አንተም ከእሱ አትሻልም፣ ከተቆጣህ አማርኛህም ይጠፋል ብላኝ ወጣች። የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ።

እሷ ከወጣች በኋላ ነው ቀድሞ ማየት የነበረብኝን ያየሁት። ቪዲዮውን የሚቀበለው ፕሮግራም የካሴቱን የድምፅ ዓይነት በጥግ ላይ በቁጥር ያሳያል። አርባ ስምንት ቢል ካሴቱ ሁለት የድምፅ መስመር ብቻ አለው ማለት ነው። ያሳየው ግን ሠላሳ ሁለት ነበር፤ እንዲህ ያለ ካሴት አራት ድምፅ ጎን ለጎን ሊይዝ ይችላል። ፕሮግራሙ ደግሞ ካልነገርከው በስተቀር አንደኛውንና ሁለተኛውን መስመር፣ ቻናል የሚሉትን፣ ብቻ ያነሳል። ሦስተኛውንና አራተኛውን የፈለገ ሰው ራሱ ወደ ቻናል ማስተካከያው ገብቶ ምልክት ማድረግ አለበት። ሲዲውን ያኔ ያባዛው ሰው ያን መስኮት ሳይከፍት ያገኘውን ገልብጦ ሰጠን። የአንዲት ምልክት ጉድለት ነው፤ ወንድሜ ግን ይህን ሁሉ ዓመት በእሷ ምክንያት የተረገመ ሆኖ ኖረ። ማንም ይሁን ማን፣ ሥራውን እንዲህ ለሚሠራ ሰው ይቅርታ የለኝም።

ምልክቱን አድርጌ ካሴቱን ለቀቅኩት። በሦስተኛው ቻናል ላይ የድምፅ መለኪያው አረንጓዴ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው ኮሌታው ከማይኩ ጋር ሲፋተግ ነው። ቀጥሎ አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ታውቀዋለህ፤ ከበር ሲሰማ ተነስተን የምንቆምለትን። ባለቤቴ ወርቅዬ ከማድ ቤት ብቅ ብላ፣ ማን መጣ? አለች።

የተናገረውን ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። ሰብሌንና የኔሰውን መርቆ ከጨረሰ በኋላ እንዲህ ይላል፦

«ዱባለ ሳይሰናበተኝ ሄደ። አዝኛለሁ። እሱን ግን እዚህ ቆሜ በሌለበት አልመርቀውም። እጅ ራስ ላይ ካላረፈ ምርቃት አይደለም፤ ወሬ ነው። የእሱን አስቀምጬለታለሁ። እኔ ባልቆይለት ዘርዓብሩክ እጁን ይጫንለት፤ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ዘርዓብሩክ ይቆጣል እንጂ አደራ አይበላም።»

ሰብስቤ ይህን ሁሉ፣ በቅርብም በሩቅም ያሉትን ልጆቼን ሁሉ መርቄያለሁ ብለዋል፣ ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ሄጄ ያዝኩት። ሰው ፊት ምን ልበል ነው የምትለኝ አለኝ፤ አንዱ ልጃቸው ጥሏቸው ስለጠፋ አልመረቁትም ልበል፣ አዲስ አማቾች ተደርድረው፣ የቤታችሁን ገመና ነው የሸፈንኩት አለኝ። ትርጉም ነው የጠየቅንህ እንጂ ክዳን አይደለም አልኩት። ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ አንተማ ልጃቸው፣ ራሳቸው ይነግሩታል ብዬ ነው አለ። አባባ ደግሞ ሰብስቤ ተርጉሞት የሰማሁ መስሎታል። ይህን የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም። ዘነበወርቅ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ አንደበቱ ከተያዘ በኋላ፣ ቀኝ እጄን ይዞ መዳፌን ገልብጦ ደጋግሞ ያየው ነበር። እኔ እጁ የበረደው መስሎኝ በብርድ ልብሱ ሸፈንኩት። ሲያየው የነበረው ያስቀመጠውን እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው፤ አልረገመህም። አልመረቀህምም። ሁለቱንም በልክ ያዘው። አልረገመኝም ብለህ ብቻ ደስ ብሎህ እንድትቀመጥ አይደለም የጻፍኩልህ።

ፍላሹ ላይ ሁለቱን ድምፆች አልቀላቀልኳቸውም። በግራ በኩል አባባ ነው፤ በቀኝ በኩል ሰብስቤ። የጆሮ ማዳመጫ አድርግ፤ መጀመሪያ ሁለቱንም ስማቸው። ከዚያ የቀኙን ከጆሮህ አውጣው።

ሰምተህ ስትጨርስ ደግሞ ፊትህን በስልክ እያሳየህ መርቀኝ እንዳትለኝ። አባባ አይሆንም ብሏል፤ እኔም አይሆንም እላለሁ። ለቀብሩ ባለመምጣትህ አሁንም ተቆጥቻለሁ፤ ስትመጣም እቆጣሃለሁ፤ የምለውን ቆመህ ትሰማለህ። ስጨርስ ትንበረከካለህ። የያዝኩት የራሴ አይደለምና በቁጣዬ ልነፍግህ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ አስብ፤ እኔም ከስልሳ ብዙም አልራቅኩም፤ ከእኔ ቀጥሎ ማን እጁን እንደሚጭንልህ አባባ አልተናገረም።

ወርቅዬ በጣም ናፍቃሃለች፤ ያን የጉሮሮ ድምፅ ከሰማች ወዲህ የአባባን ወንበር ከበሩ አጠገብ አንስታ ወደ ውስጥ አስገብታዋለች። ውዳሴ ሰላም ብላሃለች፤ ስትመጣ ከእኔ ቁጣ እንደምታስጥልህ ንገረው ብላለች፤ አትመናት። ሰብሌ ቀረጻውን ሰምታ ትርጉሙን ስነግራት አለቀሰች፤ እሷና የኔሰው ሰላም ይሉሃል። ሰብስቤም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ ይህን ያለውን ሳልቆርጥ አድርሻለሁ። ለሉሲ ትልቅ አክብሮቴን ንገርልኝ። ክርስቲያንን ሳምልኝ፤ ይዘኸውም ና።

ከእኔ ለአንተ የሚደርሰው በወረቀት አይላክም።

ወንድምህ ዘርዓብሩክ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.