ድንኳኑ እኔ ዘንድ ነው

ሰኔ 3፣ ቢቸና

የእድራችን አዲሱ ማኅተም ተንጋዷል። ሌላ ቅሬታ የለኝም፤ ለጠየቀኝም ሁሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። ዛሬ በደረሰኝ የስብሰባ ጥሪ ላይ አየሁት፤ ጠላ ቤት የዋለ ሰው ይመስል ወደ ግራ አዘንብሏል። ወንድሜ ሀብተ ሥላሴ ሲያትም ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የእድሩ ዳኛ ሆኖ አንድም ቀን አላንጋደደም።

አዲሱ ዳኛ ይስማው ግን... እሺ፣ ልጻፈው። ማን ያየኛል?

ግንቦት ላይ ወንድሜ ባረፈ ቀን፣ እኛ ቤት ውስጥ አስከሬኑን ስናጥብና ስንገንዝ፣ የእድሩ ሰዎች አጥሩ ጥግ ተሰብስበው ይስማውን ዳኛ አደረጉት። ሬሳው ሳይወጣ! "ለቀብሩ አዛዥ ያስፈልጋል" አሉ። የወንድሜ ልጅ አካለ ወልድ ያን ጊዜ የአባቱን እግር እያጠበ ነበር። ወንድሜ ታሞ ሳለ "ከእኔ በኋላ እሱ" ብሎ በአገጩ ወደ ልጁ አመልክቷል። እኔ አይቻለሁ። ሌላ ያየ የለም... እና?

ሰኔ 8፣ ሞጣ

መንገዱ ተከፍቷል ሲባል ሸራ ልገዛ መጣሁ። የእድሩ ድንኳን ጣሪያው ተቀዷል፤ ልብስ ሰፊው እኔ ነኝና ከወንድሜ ለቅሶ በኋላ ልጥፈው ወስጄዋለሁ።

ሸራ የሚሸጡልኝ ሼህ እንድሪስ በደሌን ሰምተው ሳቁ።

"ይሄማ የኛ ታሪክ ነው" አሉ። ነቢያቸው ባረፉ ቀን የአጎታቸው ልጅ ዓሊና ቤተሰቡ ሲያጥቧቸው፣ ሌሎቹ አንድ ጥላ ሥር ተሰብስበው አቡበክርን መሪ አድርገው መረጡ።

"ታዲያ ዓሊ ምን አደረጉ?"

"ወራት ቆይተው ለአቡበክር የታማኝነት ቃል ሰጡ።"

"ቀድሞ የተጠቆሙት እሳቸው አልነበሩም?"

"በዚህ ሰው አንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት ተከራከረ። አንተ በአንድ ቅዳሜ ልትጨርሰው ነው?"

መጽሐፍ አዋሱኝ። ሽፋኑ የወለቀ፣ በአማርኛ።

ሰኔ 14

መጽሐፉን ማሽኑ ላይ ዘርግቼ ሳነብ የሰው ሱሪ እግሩን ደፍኜ ሰፋሁት። ባለቤቱ ለመልበስ ሲታገል ደስ አለኝ።

ሦስተኛው መሪ ኡስማን ቤታቸው ተከቦ ተገደሉ። ሸሚዛቸው ከነደሙ ደማስቆ ደረሰ። የአገሩ ገዥ፣ የኡስማን ዘመድ ሙዓውያ፣ መስጊድ ውስጥ ሰቀለው። ሰው እያየው አለቀሰ፣ ሊበቀል ማለ። ዓሊ አራተኛው መሪ ሲሆኑ በዚያ ሸሚዝ ሰበብ ጦር ተነሣባቸው።

አንድ ሸሚዝ! እኔ የተሰቀለ ሸሚዝ የለኝም... ድንኳን ግን አለኝ።

ከሰዓት ይስማው "ተጠግኖ አለቀ ወይ?" ብሎ ላከብኝ። ክር የለም አልኩ። ክሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሰኔ 21

አካለ ወልድ ከሚያስተምርበት ሲመለስ ጎራ አለ። ጫማው ጭቃ በጭቃ።

"አጎቴ፣ እኔ ዳኝነቱን አልፈልገውም።"

"አንተ ባትፈልግ እኔ እፈልግልሃለሁ።"

"የሰው ለቅሶ እኮ ነው። ክረምት ገባ።"

"ክረምት ለይስማውም ይገባል።"

ለመሄድ ተነሣ። ከዚያ፣ "አባዬ ይህን ቢሰማ..." አባቱን ማንሣት አልነበረበትም።

የይስማው እናት እማሆይ ብሩክታይት ታመዋል አሉ። ይሁን። ለቅሶው ዝናብ ላይ ሲሆን ይስማው የወንድሜ ወንበር ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ይለምነኛል። እኔ በመስኮቴ ዝናቡን አያለሁ።

ልጅ ሆኜ ከጓሯቸው የባቄላ እሸት ስሰርቅ ይዘውኝ፣ በመምታት ፈንታ ኪሴን ቆሎ ሞልተው የሰደዱኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ለምን ጻፍኩት?

ሐምሌ 2

እማሆይ እህል አይቀምሱም አሉ። ድንኳኑን ዘርግቼ አየሁት። ቀዳዳው ያው ነው። አጥፌ መለስኩት።

ሐምሌ 6

ሼህ እንድሪስ ደወሉ። "የት ደረስክ?"

"ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ሸሚዙ ላይ ነኝ።"

"አሁንም? ሦስት ሳምንት ሸሚዝ ታነባለህ? ገጹን ግለጠው። ሐሰን ጋ አልደረስክም።"

ገለጥኩት። ዓሊን የገደላቸው የራሳቸው ወገን የነበረ ሰው ነው። ልጃቸው ሐሰን ተተኩ፤ ጦርም ነበራቸው። ነገር ግን ደም እንዳይፈስ ብለው መሪነቱን ለሙዓውያ ለቀቁ። ሸሚዝ ለሰቀለው!

መጽሐፉን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ይህ ይነበባል? እስካሁን እኛን የዓሊ ቤት አድርጌ ነበር የማነበው። ታዲያ... ሸሚዙ ማን ዘንድ ነው?

ሰው ምሳሌ ሲያበዛ እንዲህ ነው። ድንኳኑ እዚያው ይቀመጣል።

ሐምሌ 9

ዛሬ ጽሑፌ ተንጋዷል። ጣቴን መርፌ ወግቶታል፣ መዳፌን ገመድ ልጦታል።

ጠዋት የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። እማሆይ ብሩክታይት። ዝናቡም ከንጋት ጀምሮ አላባራም። የጠበቅሁት ቀን። አሁን ሽማግሌ ይልካል ብዬ የምመልሰውን ቃል ለብቻዬ ደጋግሜ አጠናሁ። "ክር የለም። ወንድሜ ሲገነዝ አጥር ጥግ የነበራችሁት፣ አጥር ጥግ አልቅሱ።" አማረልኝ።

ሽማግሌ አልመጣም። ቀና ስል በሬ ላይ ራሱ ይስማው ቆሟል። ሬሳ ቤቱ ያለ ሰው ደጅ አይወጣም፤ እሱ ግን ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ብቻውን፣ ውሃው በአገጩ እየወረደ... ከማሽኑ ተነሣሁ።

በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ዘረጋልኝ። ማኅተሙ ነው።

"አያ ሰማው፣ ለአካለ ወልድ ይስጡልኝ። ወንበሩም የሱ ይሁን። ድንኳኑን ብቻ... እናቴን እያጠቧት ነው።"

አልተቀበልኩትም። ማሽኑ ላይ አስቀመጠው።

"ተንጋዷል ብለዋል አሉ። ይኸው፣ ያቃኑት።"

ማኅተሙን እዚያው ትቼ ክሩን ከኪሴ አወጣሁ።