ዘመኑን የሳተው ስልክ

ወረታ፣ ኅዳር 20

ትርሲትዬ፣

ፎገራ ሩዙን እያጨደ ነው፤ እኔ ግን አንድ ስልክ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። ያረፍኩት መሪጌታ ደስታው ቤት ነው። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል የትምህርት ዕድል ጠይቃ መልሱን በአባቷ ስልክ፣ በኢሜይል ትጠብቃለች። ስልኩ ግን «የደህንነት ሰርተፊኬቱ ተቀባይነት የለውም» ብሎ አልገናኝም አለ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሳላነብ «ቀጥል» እላለሁ። እዚህ የሰው ደብዳቤ ነውና ፈርቼ አነበብኩት። የኢሜይሉ መታወቂያ የሆነው ይህ ሰርተፊኬት የተሰጠበት ቀን፣ በስልኩ አቆጣጠር፣ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል!

«የኔታ፣ የስልኩን ቀን ነክተውት ነበር?»

«ሲገዛ ዘመኑን ስቶ ነበር። 2018 ብዬ አቃናሁለት።»

«አባየ! እኔ ኔትወርኩን ስረግም ሰነበትሁ እኮ!» አለች ሰብለ።

«ታዲያ በፈረንጅ ዘመን ልጹም?»

የፈረንጁን ቀን ልሞላ ስል ጠፋኝ። እሳቸው በጣታቸው አንጓ ቆጥረው «ኖቬምበር 29፣ 2025» አሉኝ። ሞላሁት፤ ደብዳቤዎቹ ተግተልትለው ገቡ። ተቀብለዋታል፤ ግን እስከ ነገ ካላረጋገጠች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

«ነገ ጽዮን ናት፤ እኔ ማኅሌት እቆማለሁ፣ ስልኩም አብሮኝ ነው» አሉ መሪጌታ። «አሁኑኑ መልሽላቸው፣ አንች!»

ላከችው።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ጠርዝ ላይ ደረስኩ። እቤት ያሉትን የእማማ ላቀችን ጉልበት ሳሚልኝ፤ አንቺን እኔው ከዚህ ስሜሻለሁ።