የ«ስድስተኛ ፎቅ» የድሮ ካሴቶች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ገበያ ወርጄ ሰርዲን ገዛሁ። ትንንሽ ናቸው፣ ግን ገና ከባሕር የወጡ። ነፋሱ የስሬችኮን ጃንጥላ ገልብጦበት ደረጃው ላይ ሲራገም ከቤት ሆኜ ሰማሁት። ባሌ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠቡ ከጃንጥላ ጋር ነው።

ዓሣውን እያጠብኩ ስልክ ጮኸ። ዶሪያን። የ«ስድስተኛ ፎቅ» ጊታር ተጫዋች... ከባንዱ ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ ሰላም ከመባባል አልፈን አናውቅም።

«ሊዬርካ፣ የድሮ ካሴቶች ተገኙ» አለኝ። «ሸክላ ሳናሳትም በፊት የተጫወትናቸው ኮንሰርቶች። አንድ ኤጂዲዮ የሚባል ሰው ተደብቆ ሲቀዳን ኖሯል። ልናሳትማቸው ነው። ያንቺ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«ላስብበት።»

«መጀመሪያ ስሚያቸው እንጂ።»

«ላስብበት አልኩህ እኮ።»

ዘጋሁት። ያንኑ ዓሣ ሁለት ጊዜ አጠብኩት። በዚህ ዕድሜዬ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

አልደወልኩለትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ምሳ ላይ ለስሬችኮ ነገርኩት።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?»

እሱ እኔን ያገኘኝ በኋላ ነው፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ። ድራም ስመታ አይቶኝ አያውቅም። የዛግሬቡንም ነገር ሙሉውን ነግሬው አላውቅም ነበር። ዛሬ ነገርኩት።

የመጀመሪያውን ሸክላ ልንቀዳ ዛግሬብ ሄድን። ቀረጻውን የሚመራው ሰውዬ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ተናገረ። ለእኔ አይደለም፣ ለእነሱ። «ልጅቷ ትቸኩላለች። ምቱን ታበላሸዋለች። ሌላ ሰው አምጡ።» ዶሪያን ጫማውን አየ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ሻንጣዬን ይዤ በአውቶቡስ ወደ ከተማችን ሪዬካ ተመለስኩ። ሸክላው በሌላ ሰው ድራም ወጣ፣ አገር ምድሩ ወደደው።

ከዚያ ወዲህ የድራም እንጨት ጨብጬ አላውቅም። የልጃችን ሠርግ ላይ እንኳ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጄን ጠረጴዛው ስር ደበቅኩ። ምቱን እስታለሁ ብዬ...

ስሬችኮ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔ እኮ በርዶሽ መስሎኝ ኮቴን ደረብኩልሽ።»

«ካሴቱ ላይ እውነትም ብቸኩልስ?»

«ያኔ ታውቂዋለሽ። እስከዛሬስ እንደምታውቂው ሆነሽ አይደል የኖርሽው?»

ተነስቼ ለዶሪያን ደወልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ከሪዬካ አጠገብ ባለችው ቮሎስኮ፣ ኤጂዲዮ ቤት፣ ከስሬችኮ ጋር። ቀጭን ሽማግሌ ነው፣ ክራባት አስሮ ጠበቀን። ካሴቶቹን በብስኩት ጣሳ ደርድሯቸዋል።

«እንዴት ነበር የሚቀዱት?» አልኩት።

«በእናቴ ዘንቢል፣ ሲኞራ። ቴፑ ከታች፣ ጎመን ከላይ። አንዴ በር ላይ ዘበኛው ፈትሾ "ጎመን ይዘህ ነው የምትጨፍረው?" አለኝ። "ስወጣ ገበያው ይዘጋብኛል" አልኩት።»

ስሬችኮ ሳቀ። እኔ አልቻልኩም።

ካሴቱ ጀመረ። ጫጫታ። ጠርሙስ ይንኳኳል። አንዱ ሲጋራ ይለምናል። ከዚያ የአንዲት ልጅ ድምፅ፣ «ዝግጁ ናችሁ?» ትላለች። የእኔ ድምፅ ነው...

«ያቁሙት» አልኩና በረንዳ ወጣሁ። ባሕሩ ግራጫ። ማንም አልተከተለኝም፣ ደግ አደረጉ። ሲበርደኝ ተመለስኩ።

«ይቀጥሉ።»

ካሴቱ ላይ እንጨቶቼን አጋጨሁ፣ ዘፈኑን ጀመርን። ፈጣን ነው። በጣም ፈጣን። ለካ የዛግሬቡ ሰውዬ እውነቱን ነው... ከዚያ ግን ጆሮዬ ለመደ። የሚሮጠው ጊታሩ ነው! ዶሪያን ነው ጥሎን የሚሄደው። ድራሙ ይጠብቀዋል፣ ይይዘዋል፣ ሲያቅተው ትንሽ አብሮት ይሮጥና መልሶ ያመጣዋል። ይህን የማደርገው እኔ ነኝ?

ኤጂዲዮ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ፣ «ፊት የምንቆመው ልጆች እርስዎን እያየን ነበር የምንዘለው» አለ። «ጊታሩን ብንከተል ኖሮ አንገታችን በተሰበረ።»

ሌላ ካሴት፣ ሌላ ከተማ። ያው ነው። ፑላ ከተማ የተቀዳው ላይ ግን በአንዱ ዘፈን በእርግጥ ቸኩያለሁ። እኔው ራሴ። ምንም አያጠራጥርም። ሳቄ መጣ። ሳቁ ሳላስበው ለቅሶ ሆነ። ስሬችኮ ኪሱን ፈትሾ መሀረብ አጣ፣ ኤጂዲዮ የሳህን መወልወያ አቀበለኝ።

ቀኑን ሙሉ ጠባብ ጫማ አድርጎ የዋለ ሰው ቤቱ ገብቶ ሲያወልቅ... እንደዚያ ነው የሆንኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ዶሪያን መጣ። ጸጉሩ አልቋል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አንተ ቀድመህ ሰምተሃቸዋል አይደል?»

«ባለፈው በጋ።»

«ለፈቃድ ነው ያልከኝ።»

«ፈቃዱ ሰበብ ነው። ሌላ ምን ብዬ ልደውልልሽ?» ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «የምሮጠው እኔ ነበርኩ፣ ሊዬርካ። ያኔ አላወቅኩም። ዝም ያልኩት ግን አውቄ ነው። ሸክላው እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።»

አንድ ቀን እንዲህ ቢለኝ የምመልስለትን ስንት ዓመት ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። አንዱም አልመጣልኝም። ንዴቱንም ፈልጌ አጣሁት።

«ሾርባ ትበላለህ?» አልኩት።

በላ። አስጨምሮም በላ።

በሩ ላይ፣ «የፑላውም ካሴት አብሮ ይታተም» አልኩት።

«እሱ ላይ ተሳስተሻል እኮ።»

«ለዚያ ነው።»

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

ከሰዓት በኋላ የዶሪያን ጋራዥ። አሮጌ ድራም ተውሶ አቁሞልኛል። መዳፌ ተላጠ፣ ክንዴ ዘፈኑ ሳያልቅ ዛለ። ዶሪያን ዛሬም ይሮጣል።

«ቀስ በል» አልኩት። ያኔ ብዬው አላውቅም።

«እሺ፣ የኔ መምህር» ብሎ ሮጠ።

ስሬችኮ ካፖርቱን ሳያወልቅ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሰማ። እስክንጨርስ አንድ ቃል አልወጣውም። መኪና ውስጥም ዝም። አልወደደውም ይሆን?

ደረጃው ላይ ከታች ካለችው ጎረቤታችን ከፊሎሜና ጋር ተገናኘን።

«ሊዬርካዬ፣ አትቀየሚኝና፣ ጠዋት ጠዋት ከላይ የሚንኳኳው ምንድን ነው? ቧንቧችሁ ተበላሽቶ ነው?»

ሰሞኑን በእንጨት ማንኪያ ጠረጴዛ ላይ ስለማመድ ነው። እንዴት ብዬ ላስረዳት? አፌን ሳልከፍት ስሬችኮ ቀደመኝ።

«ቧንቧ አይደለም» አላት። «ሚስቴ ድራም መቺ ናት።»

«ነበረች» አላለም። «ናት» አለ።