ሐይቅ ዳር ላለው ሜዳ የተቋጠረው

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ደረትህን የሚይዝህ ብርድና ያ የማይለቅህ ሳል ዘንድሮ ተወህ ወይ? እንቅልፍህስ? ምግቡስ ተስማማህ? ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ ናፍቆትም ሲያረጅ ይደክማል። ጉልበቴን ያመኛል፤ ዝናቡ ዘግይቷል፤ እናታችን በሕይወት አለች። ሰላምታዬ ግን ሳይጎድል ይድረስህ።

ደብዳቤህ ባለፈው አውሮፕላን መጣ። ማንንም አንብብልኝ አላልኩም፤ በመሠረተ ትምህርት በስተርጅና የለቀምኩት ፊደል ለዚህ በቃኝ። ለእናታችን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። በግንቦት፣ ቀኑ ሲረዝምላችሁ፣ ከሥራ ጓደኞችህ ጋር መኪና ተከራይታችሁ በስኮትላንድ የጎልፍ ሜዳዎችን ልትዞሩ ነው። ባሕር ጠረፍ ያሉትን ሰው ሁሉ ስለሚሄድባቸው ትታችሁ፣ መሃል አገር በተራሮቹ መካከል ያሉትን መርጣችኋል። መጀመሪያ ብሌርጎውሪ፣ ቀጥሎ ፒትሎክሪ፣ ከዚያ ሐይቅ ዳር ያለው፣ ከዚያም ሌሎቹ። ስሞቹን ሳነብ ምላሴ ተሳሰረ።

ጎልፍ ምን እንደሆነ ለእናታችን ማስረዳት አቃተኝ። የአውሮፕላን ማረፊያችንን ሜዳ አስቢ፣ ከብት የማይገባበት፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የታጨደ፣ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ ይከቷታል አልኳት። ጉድጓዱ ውስጥ ምን አለ አለችኝ። ምንም የለም ብላት፣ ታዲያ ለማን ነው የሚከቱት አለች። ጎረቤታችን ከበቡሽ ሰምታ፣ ከብት ሳይኖረው ዱላ ይዞ የሚዞር እረኛ ወጣላችሁ ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የእንስሳት ሕክምና ልትማር ሄደህ የጎልፍ ሣር አጫጅ ሆነህ ቀረህ፤ አሁን ደግሞ ለመዞሪያ ፈቃድ ሲሰጥህ እናትህን ለማየት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ጠፋ። ወደ አገር መግባት ምን እንደሚያሰጋህ አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ አልጽፈውም። ቢሆንም ይመረኛል።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። አባታችን ከብት ሊገዛ ቆላ ወደ ካንጋተን ሲወርድ እናታችን የምታደርገውን ታስታውሳለህ። ለሚያድርበት ቦታ ሁሉ በእንሰት ቃጫ ላይ አንዳንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች፤ ያን ቦታ ደረሰ በምትልበት ቀን ትፈታዋለች። ላንተም ቋጠረች። ዐይኗ ከጠፋ ወዲህ የምታየው በጣቷ ነውና፣ እኔ የሜዳዎቹን ስም እየጠራሁ እሷ እየቋጠረች ገመዱን ከራስጌዋ ሰቀለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሐይቅ ዳር ላለው ሜዳ የቋጠረችው ተፈትቶ ተገኘ። ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው። መልሳ ቋጠረችው፤ መልሶ ተፈታ። እውነቱን ልንገርህ፣ አስፈራርታ ልታስመጣህ ራሷ የምትፈታው መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ገመዱን ወስጄ፣ ጥጃ እንደማስር አድርጌ ቋጠርኩት፤ በጥርሴ ስቤ አጠበቅኩት፤ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበትና ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ሲነጋ ስከፍተው ቋጠሮው የለም። የታጠፈበት ምልክት እንኳ የለም። ቃጫው ጤዛ ባለበት ሣር ላይ የተጎተተ ይመስል ርሷል፤ እዚህ ግን መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ወንጌላዊ አንጁሎን ጠራሁት። ጸለየ፤ ገመድ ገመድ ነው እህቴ አለኝና ራሱ ቋጥሮት ሄደ። በነጋታው መጥቶ ተፈትቶ አየው። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በደጃችን አያልፍም፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል ይዞራል።

እናታችን ግን አልደነገጠችም፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ቋጠሮ የሚፈታ መንገደኛው ሲደርስ ነው፣ ስለዚህ ባንተ ስም እዚያ ቀድሞ የደረሰ አለ አለችኝ። ቢያልፍ ኖሮ ቀጣዩም ይፈታ ነበር፤ አላለፈም፣ ቆሞ ልጄን እየጠበቀ ነው አለች። ማን ነው አልኳት። ሣሩ ላይ ሲመላለስ እሰማዋለሁ፣ አካሄዱ የልጄ ነው፣ ግን አያስልም አለች። ይህን ብላ ምግቧን በላች።

እንግዲህ ዙር። ብሌርጎውሪም ፒትሎክሪም ሂድ፤ ተራራውን እይ፤ የዝናብ ልብስ ያዝ። ጓደኞችህ ሐይቅ ዳር ወዳለው ሲሄዱ ግን አንተ አትሂድ። መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቃለሁም አትበል። እግሬን አመመኝ በላቸውና በሌላ መንገድ እለፍ። አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከብት የጠበቅኩት እኔ ነኝ። እናታችንን የማነሳት የማስተኛትም እኔ ነኝ። ለዚህ ሁሉ ምንም ጠይቄህ አላውቅም፤ ይህን አንዱን ስጠኝ። የምማረርበትን ሰው እንኳ አታሳጣኝ።

ልጄ ዘሪቱ እጅ ነስታለች፤ የላክልንን የሜዳ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ለጥፋው ነበር፣ አስነሳኋት። ከበቡሽ ከነቤተሰቧ ሰላም ብላሃለች፤ ሳቋን ትታለች። እናታችን ጉንጭህን ትስማለች። ስምህን ግን አትጠራም፤ ከጠራሁት ያኛው ቀድሞ አቤት ይለኛል ትላለች። እኔም በዚህ ወረቀት ላይ አልጻፍኩትም። ፖስታው ላይ ያለውን በሌላ ሰው እጅ አስጽፌዋለሁ።

እህትህ አየለች
ጂንካ፣ መጋቢት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.