የፔጆዋ ቀኝ ወንበር

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሀርጌሳ

ፔጆዋ ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች።

ውድ ጋሽ ኤልሚ፣

አንቱ ስልዎት ይቆጡኝ ነበር። "አቦ፣ ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ነገር የለም። አንቱታህን ኮምቦልቻ መልሰህ ውሰደው" ይሉኛል። ብዙ ሞከርኩ፤ አፌ እምቢ አለ። ደብዳቤ ላይ ደግሞ ሊያቋርጡኝ አይችሉም። ስለዚህ እንደ ልማዴ ልቀጥል።

ይህን የምጽፈው አየር ማረፊያው መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ፔጆዋ ላይ ተቀምጬ ነው። ከአዲስ አበባ የሚያመጣዎት አውሮፕላን ገና አላረፈም። ልጅዎ ሻምሶና የእሷ ልጅ ኒሞ መውጫው በር ላይ ቆመው ይጠብቁዎታል። ሻምሶ አዲስ ልብስ ለብሳለች። ኒሞ አበባ ይዛለች፤ የፕላስቲክ ነው፣ ቀይ።

ደብዳቤውን ማን እንደሚያነብልዎ አላውቅም። ልጆችዎ አማርኛ አያነቡም። እርስዎ ድሬዳዋ ተምረው ያነቡ ነበር፤ አሁን አይችሉም። እኔና እርስዎ ብቻችንን የምንነጋገርበት ቋንቋ ስለሆነ፣ ሊያነብልዎ የሚችለው ሰው ተመልሶ እኔው ነኝ። ይህን እያወቅሁ እጽፋለሁ። አፍ ለአፍ ስንከራከር ሁልጊዜ እርስዎ ያሸንፉኛልና።

የተዋወቅን ቀን በምሠራበት ኸድር ጋራዥ ውስጥ፣ ቪትዝ መኪና ስር ተኝቼ በአማርኛ ስሳደብ ሰሙኝ። "ማነው እንደ ድሬ ሹፌር የሚሳደበው?" ብለው ጎንበስ አሉ። ከስር ስወጣ ፔጆ 404 ደጅ ላይ ቆማለች። ሰማያዊ ቀለሟ ፀሐይ በልቶት ወደ አመድነት ሄዷል። ማርሿ መሪው ስር ነው። ኮፈኗን ስከፍተው እጅ የማይገባበት ቦታ የላትም፤ ሥራ የለመድኩት እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ነበር። ዙሪያዋን ዞሬ አየኋት። እርስዎም አላስቸኮሉኝም።

ታሪኳን በየአርቡ እየቆረሱ ነገሩኝ። ድሬዳዋ ላይ ታክሲ ነበረች። የዚህ አገር ጦርነት ሲያበቃ ባለቤትዎን ሳምሳምን፣ አላህ ይማራቸውና፣ ከጎንዎ፣ ሻምሶን በእቅፋቸው አስቀምጠው በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ አድርገው ሀርጌሳ ገቡ። ቤታችሁ ግድግዳ ብቻ ነበር። ጣሪያ እስኪሠራ ድረስ ፔጆዋ ውስጥ አደራችሁ። ሻምሶ የመጀመሪያ ጥርሷን ያበቀለችው የኋላው ወንበር ላይ ነው። ለዚህ ነው ካፌ የከፈተው አብሺር ገዝቶ በሩ ላይ ሊያቆማት፣ ወጣቶች ፎቶ እንዲነሱባት እንደሚፈልግ መልእክቱን ሳደርስዎት "መቃብሬ ላይ ያቁማት" ያሉት።

በዚህ ከተማ የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ መኪናው ግን አብዛኛው በዱባይ የሚገባ፣ መሪው ቀኝ የሆነ የጃፓን መኪና ነው። ሹፌሩ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ከፊቱ ያለውን ጭነት መኪና ልቅደም ቢል ከማዶ የሚመጣው አይታየውም። የሚታየው ከጎኑ ለተቀመጠው ነው። እናም ሀርጌሳ ውስጥ ከሹፌር አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ ይናገራል። "ሂድ።" "ቆይ።" "ባጃጅ አለ።" ሚስት ለባሏ፣ ልጅ ለአባቱ ይናገራል። ማንንም አይገርምም።

የእርስዎ መሪ ግራ ነው። "በራሱ ዓይን የሚነዳ እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው እነዚህን የጃፓን እንቁላሎች በሚስቱ ዓይን ነው የሚነዳው" እያሉ ይሳለቁ ነበር።

አርብ ከሰላት በኋላ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ አሮጌ መኪናዎችን ልንጠይቅ እንወጣለን፤ በሽተኛ እንደሚጠየቅ። የሀይቤን ላንድሮቨር። ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ዶሮ የሚፈለፈልባትን ፊያት። ወንዙ ዳር የቆመችውን አሮጌ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬዋን። እርስዎ ፍጥነትዎን ቀንሰው እያንዳንዷን በስሟ ሰላም ይላሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው።

አንድ አርብ "ከቀኝ ምን አለ?" አሉኝ። "ፍየል" አልኩ። በሚቀጥለው አርብ "ከግራስ?" አሉኝ። ያኔ ገባኝ።

"በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው" አሉኝ በኋላ። "መሃሉ አለ። ዳሩን አንተ ሙላልኝ። ለቤት ሰው ግን ትንፍሽ እንዳትል።" ሞላሁት። ሻምሶ ከኋላ ተቀምጣ ስልኳን እየነካካች፣ እኔ "ጋሪ ከቀኝ፣ ያዝ፣ ሂድ" እያልኩ ስንት ጊዜ ሄድን። አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችም። የሰማችው ነገር እድሜዋን ሙሉ መኪና ውስጥ የምትሰማው ነው።

ወደ መኪናዋ ሲመጡ ክላክሱን ሁለቴ እነካልዎታለሁ። ድምፁን ይዘው ቀጥ ብለው ይመጣሉ፤ እጅዎን ኮፈኗ ላይ ጥለው እየዳሰሱ እስከ በሩ ይዘልቃሉ። ሻምሶ ይህን ፍቅር ነው የምትለው። "አባቴ ሳይደባብሳት አይገባም" ብላ ለጎረቤት ስታወራ ሰምቻታለሁ።

ትናንት ከአዲስ አበባው የዓይን ሆስፒታል ደወሉልኝ።

"ፈጠነ፣ ቀዳዳዋም ተዘጋች።"

"ሐኪሞቹ ምን አሉ?"

"ይቅርታ አሉ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ሻይ ሰጡኝ።"

"ለሻምሶ ነገሯት?"

"ድኛለሁ አልኳት። አልሀምዱሊላህ ብላ በደስታ አለቀሰች። አሁን እንደገና ላስለቅሳት?"

"እንግዲህ መንዳቱ ይቅር..."

"ምን ይቀራል? ሳምንቱ ከሚጀምርበት ከቅዳሜ አንስቶ ኒሞን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ሻምሶ ጠየቀችኝ፣ እሺ አልኩ።"

"እኔ ቅዳሜ ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሽ ኤልሚ።"

"አንተን ማን ጠራህ? ኒሞ ትነግረኛለች። ከአንተ ዓይን የሷ ይሻላል። ፍየልና ውሻ የማትለይ!"

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

"ነገ ስወጣ እንደተለመደው ሁለቴ ንካልኝ" ብለው ዘጉት።

ፔጆዋ እንዳትነሳ ካንዴላዎቹን ልነቅላቸው አሰብኩ። ነገር ግን እርስዎ የጎደላትን በጆሮዎ ያውቃሉ፤ እኔ እምቢ ብል ሌላ መካኒክ ይጠራሉ። ዛሬ ጠዋት ቤትዎ ስደርስ ለሻምሶ ነገርኳት። በተሰባበረ ሶማልኛዬ ነው፤ ነገሩ ግን አጭር ነው።

"አባትሽ አያይም።"

"ሐኪሙ አድኖታል።"

"አላዳነውም። ከዚያ በፊትም መንገዱን የምነግረው እኔ ነበርኩ።"

ሳቀችብኝ። "እኔስ ለባሌ አልነግረውም? በዚህ ከተማ የማይነገረው ሹፌር ማን አለ?"

"የአባትሽ መሪ ግራ ነው፣ ሻምሶ። ለእሱ መንገር አያስፈልግም ነበር።"

ፔጆዋን አየች፣ እኔን አየች። የገባት መሰለኝ።

"አብሺር ምን ሊሰጥህ ነው?" አለችኝ።

"ምን?"

"መኪናዋን ከአባቴ እጅ ካወጣህለት። ባለፈው የላከህ እሱ አይደል? ወላሂ፣ አፈር ነህ ፈጠነ ብል አታዝንብኝ። አባቴ ደስ ብሎት በሚመጣበት ቀን!"

መልእክቱን ያደረስኩት እውነት ነው። እኔ የሰው አገር መካኒክ ነኝ፤ እርስዎ አባቷ ደግሞ በስልክ "አይሻለሁ፣ ኢንሻላህ" ብለዋታል። ማንን ትመን?

ኒሞ ከፊት፣ ቀኙ ወንበር ላይ ዘላ ወጣች፤ የእኔ ቦታ ላይ። "አያቴ ሥራ ሰጥቶኛል" አለችኝ። ለእሷም ደውለውላት ኖሯል። እስከ አየር ማረፊያው ድረስ ተለማመደች። "ባጃጅ! ሰውዬ! ሚኒባስ!" ሻምሶ ከኋላ ትስቃለች። መንገዱን ግመሎች ሲያቋርጡ ፍሬን ይዤ ቆምኩ፤ አልፈውን ሄዱ፤ ተነስቼ ማርሽ ከቀየርኩ በኋላ ኒሞ በመስኮቱ ወደ ኋላ እያየች "ግመል!" አለች።

"ጎበዝ" አለቻት እናቷ።



አንድ ነገር ቀረ። ኤንትሬዋ የለችም። ሚያዝያ ላይ ለቁርጥራጭ ብረት ቆራርጠው ጭነዋታል። ከዚያ ወዲህ በየአርቡ ወንዙ ዳር ስንደርስ "አለች?" ይሉኛል፣ እኔም "አለች" እላለሁ፤ እርስዎም ባዶ ቦታ ላይ ሰላም ብለው ያልፋሉ። አንድ ጊዜ ስለ ጎማዋ ጠየቁኝ። "ትንሽ ተንፍሷል" አልኩ። የእኔ ዓይን ለእርስዎ የሠራልዎ እስከዚህ ነው። የኒሞም ከዚህ አይሻልም፤ ልጅ የሚወደውን ሰው ደስ የሚያሰኘውን ነው የሚነግረው።

አውሮፕላኑ አረፈ። ሰዎች ሻንጣ እየጎተቱ መውጣት ጀምረዋል።

ፔጆዋን ከመውጫው በር ፊት ለፊት አቁሜያታለሁ። የሚጋርዳት ነገር የለም። ማቆሚያው ውስጥ ሰማያዊ እሷ ብቻ ነች፤ የሚያይ ሰው አይስታትም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ቤት ታክሲ ያደርሳችኋል፤ ማታ ለሻምሶ በእጇ እሰጣታለሁ። ይህን ወረቀት ቀኙ ወንበር ላይ እተወዋለሁ። ከፈለጉኝ ጋራዥ አለሁ። መጥቼ አነብልዎታለሁ፤ ቢያቋርጡኝም እስከ መጨረሻው አነብልዎታለሁ።

አሁን አየሁዎት። ግራጫውን ኮት ለብሰዋል። አንድ የአየር ማረፊያው ሠራተኛ ክንድዎን ይዞ ነበር፤ በሩ ጋ ሲደርሱ አስለቀቁት። ኒሞ አበባውን ዘርግታለች። እርስዎ አንገትዎን ዘንበል አድርገው ቆመዋል፤ ክላክሱን እየጠበቁ ነው።

ክላክሱን ሳልነካ በሩን ከፍቼ እየወጣሁ ነው። ሻምሶ ወዴት ብትለኝ ውሃ ልገዛ እላታለሁ።

ፈጠነ